ዳይፐሩን የሚፈታው ልጅ



ሐምሌ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ አላባራም፤ በረንዳ ላይ የተሰጣው ልብስ ሦስት ቀን ቢሆነውም ዛሬም ሲነኩት እርጥብ ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት የቀሩት ልጅ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብሎ ዳይፐሩን ይመረምራል። የቀኙን ማጣበቂያ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቆነጠጠና ሳበው። ጠርርር አለ። ድምፁ ጣመው መሰል ፈገግ ብሎ ወደ ግራው ዞረ። ጠርርር። ብድግ ሲል ዳይፐሩ ዱብ አለ፤ እሱም ባዶ ቂጡን ወደ ጓዳ ሮጠ። ከጠዋት ጀምሮ ይህ አራተኛው ነው። እናት "አንተ ልጅ፣ ዛሬስ ምን ላድርግህ!" እያለች መወልወያ ፍለጋ ሄደች።

ዳይፐር በገባበት ከተማ ሁሉ እንዲህ ያለ ቤት አለ። እናቶች ለጎረቤትም ለጤና ባለሙያም የሚያነሱት ጥያቄ ተቀራራቢ ነው። ልጁ እልኸኛ ሆኖ ነው? አስቸጋሪ ጠባይ ይዞ ነው? ወይስ ፖፖ ላይ የሚቀመጥበት ጊዜ ደርሶ ነው?

ጠባዩ አልተበላሸም። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ የልጅ ጣቶች ረቀቅ ያለ ሥራ ይጀምራሉ፤ ቁልፍ ይፈታሉ፣ የጫማ ማሰሪያ ይስባሉ፣ የድስት ክዳን ይከፍታሉ። ዳይፐርም ለልጁ አንድ ተጨማሪ የሚፈታ ነገር ነው። በዚያው ዕድሜ "እኔ ራሴ" ማለት ይመጣል፤ ማንኪያውን ራሱ ካልያዘ አይበላም፣ ጫማውን ራሱ ካላደረገ አይወጣም። ገላውንም የራሱ ማድረግ ይፈልጋል። በዚህ ላይ እናት ደንግጣ ስትሮጥ፣ አባት ሲስቅ፣ ታላቅ እህት ስትጮህ ሲያይ ደስ የሚል ጨዋታ ያገኛል። ጨዋታ ደግሞ ይደጋገማል።

ነገር ግን ሁሉንም ጨዋታ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። አንዳንድ ልጅ ዳይፐሩን የሚያወልቀው ስላቃጠለው ነው። ዳይፐር ውድ ስለሆነ አንዱን ለብዙ ሰዓት ማቆየት በየቤቱ ያለ ነገር ነው፤ ሽንትና ዓይነ ምድር ተቀላቅለው ቆዳ ላይ ሲቆዩ ቆዳው ይላላል፣ ይቀላል፣ ይላጣል። እናት ብሽሽቱንና የቂጡን እጥፋት ገለጥ አድርጋ በቀን ብርሃን ማየት አለባት። ከቀላ ለብ ባለ ውኃ አጥቦ፣ ሳያሹ አድርቆ፣ ለጥቂት ጊዜ ገላው አየር እንዲያገኝ መተው፣ ከዚያም ቫዝሊን ወይም ዚንክ ያለበት ቅባት መቀባት ይረዳል። ቅላቱ በጥቂት ቀናት ካልተሻለው፣ ወይም ዙሪያውን ትናንሽ ቀያይ ነጠብጣቦች ይዞ ወደ እጥፋቱ ከገባ የፈንገስ ቁስለት ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ማሳየት ያስፈልጋል። ሌሊት ሌሊት እየተነሳ ዳይፐሩን የሚያወልቅና ቂጡን የሚያክ ልጅ ደግሞ ቀጭን ነጭ የአንጀት ትል ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ትል ሌሊት ወደ ፊንጢጣ ወጥቶ እንቁላሉን ስለሚጥል ክፉኛ ያሳክካል። ሲሸና የሚያለቅስ፣ ትኩሳት ያለው ወይም ሽንቱ ደም የቀላቀለ ልጅ ለነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን ይታያል።

ቆዳው ደህና ከሆነና ነገሩ ጨዋታ ብቻ ከሆነ መላው ቀላል ነው። ከዳይፐሩ በላይ ሱሪ ወይም ከኋላ የሚቆለፍ ቱታ ማልበስ ይቻላል። የዳይፐሩን ፊት ወደ ኋላ አዙሮ ማጣበቂያው ከጀርባ እንዲውል የሚያደርጉ እናቶችም አሉ፤ ያዋጣል። በፕላስተር መጠቅለል ወይም በገመድ ማሰር ግን ፈጽሞ አይደረግም፤ ቆዳ ይልጣል፣ የደም ዝውውርም ያግዳል። ከሁሉ በላይ የእናትየው ፊት ወሳኝ ነው። ሳትስቅም ሳትቆጣም ልጁን አንስታ፣ አጥባ፣ "ዳይፐሩን ወስደህ ቅርጫቱ ውስጥ ጣለው" ብትለው ጨዋታው ጣዕሙን ያጣል፤ ልጁም ትንሽ ሥራ ያገኛል።

ይህ ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ልብ ብሎ ማየት የሚገባው ልጁ ዳይፐሩን መቼ እንደሚያወልቅ ነው። ሰዓት ሳይለይ፣ ደረቅም እርጥብም ሳይል የሚያወልቅ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ እየተጫወተ ነው። ከረጠበ ወይም ከቆሸሸ በኋላ የሚያወልቅ ልጅ እርጥበቱን መጥላት ጀምሯል፤ ገላው ላይ የሆነውን አውቋል ማለት ነው። ዳይፐሩ ገና ደረቅ ሳለ አውልቆ ከዚያ የሚሸና ልጅ ደግሞ ከዚህም አልፏል፤ ሽንቱ ከመምጣቱ በፊት ይሰማዋል። እናት ምንጣፉ ስለረጠበ ትበሳጫለች፤ ብስጭቷም ተገቢ ነው። ልጁ ግን በራሱ ቋንቋ አንድ ትልቅ ነገር ነግሯታል። ሦስት አራት ቀን ሰዓቱን ልብ ብትል፣ ከእንቅልፍ ሲነሳ ነው? ከቁርስ በኋላ ነው? ብላ ብትይዝ፣ ፖፖውን መቼ ማቅረብ እንዳለባት ራሱ ልጁ ያሳያታል።

እዚህ ላይ አያት ትመጣለች። ከጮቄ ተራራ ግርጌ ገበያ ውላ፣ ልጇን ለመጠየቅ ከተማ የገባች አያት ጋቢዋን ሳታወርድ ልጁን ታያለች። "ምነው ልጄ፣ ልጁን በላስቲክ አፈንሽው? አሽኚው እንጂ!" ትላለች። ልጇ ትመልሳለች፤ "እማዬ፣ እኔ ሥራ ስውል ማን ያሸናዋል?" ሁለቱም እውነት አላቸው።

አያት የምትለው ሙያ ለጎጃም ደጋ እናቶች አዲስ አይደለም። እናት እግሯን ዘርግታ መሬት ላይ ወይም ዱካ ላይ ትቀመጣለች፤ ሕፃኑን ሁለቱ እግሮቿ ላይ አስቀምጣ በብብቱ ትደግፈዋለች፤ ከዚያ "እሽሽሽ" ትለዋለች። ይህን የምታደርገው ከእንቅልፉ ሲነቃና ጡት ጠብቶ ጥቂት ሲቆይ ነው። ቀን በአንቀልባ አዝላው ስትውል ደግሞ ጀርባዋ ላይ ሲቁነጠነጥ ታውቅበታለች፤ ፈትታ ታወርደዋለች። ሁልጊዜ አይሳካላትም፤ ጀርባዋ ያልረጠበ እናት የለችም። እየዋለ እያደረ ግን ሕፃኑ ድምፁን ከሽንቱ ጋር ያያይዘዋል። መራመድ ሲጀምር ረዘም ያለች ሸሚዝ ብቻ ለብሶ ከታች ባዶውን ስለሚሆን የሚፈታው ነገር የለም፤ ታላላቆቹን እያየ ቁጢጥ ማለት ይለምዳል።

ይህን የአያቶች ሙያ ሳይንስ ዘግይቶ ነው የተመለከተው። ማርተን ደቭሪስ የተባለ ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር በ1977 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ በኬንያ የባሕር ጠረፍ የሚኖሩ የዲጎ እናቶች ልጆቻቸውን ማሸናት የሚጀምሩት በተወለዱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መሆኑን ጽፏል። የዲጎ እናትም እግሯን ዘርግታ ሕፃኑን እግሮቿ መካከል አስቀምጣ "ሹ" የሚል ድምፅ ታሰማለች። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ወር ሕፃናቱ ምልክት ሲሰጣቸው መሽናት ይችሉ ነበር። የደብረ ማርቆስ አያት ይህን ጥናት ብትሰማ የምትገረመው ሰው ይህን ለማወቅ ወረቀት ስላስፈለገው ይሆናል።

በሌላው ወገን ያለው ታሪክ የተለየ ነው። ፓምፐርስ የተባለው ዳይፐር አሜሪካ ገበያ ላይ የዋለው በ1961 እ.ኤ.አ. ነው። በዓመቱ፣ በ1962፣ ቤሪ ብራዘልተን የተባለ አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም 1,170 ልጆችን ለዓመታት ተከታትሎ ያገኘውን አሳተመ። ልጅ ሳይገደድ፣ ራሱ ዝግጁ መሆኑን ሲያሳይ ከ18 ወር በኋላ ቢጀመርለት ይሻላል አለ። በሱ ክትትል ልጆቹ ቀን ቀን ሳይቸገሩ መጸዳዳት የቻሉት በአማካይ 28.5 ወር ገደማ ሲሆናቸው ነበር። ዛሬ የሕፃናት ሐኪሞች የሚሰጡት ምክር በአብዛኛው ከዚህ ሐሳብ የተቀዳ ነው።

ሁለቱ እርስ በርስ የሚጣሉ ይመስላሉ፤ አይጣሉም። በአያት ዘዴ ምልክቱን አንብባ የምትቀድመው እናት ናት፤ ለዚህም ቀኑን ሙሉ ከልጁ ገላ ሳትርቅ መዋል አለባት። በሐኪሙ ዘዴ ምልክቱን የሚያነበው ልጁ ራሱ ነው፤ ለዚህ ደግሞ አእምሮውና ጡንቻው እስኪደርስ መጠበቅ ግድ ነው። ቢሮ የምትውል፣ ልጇን ለሠራተኛ ወይም ለጎረቤት ትታ የምትሄድ የከተማ እናት የመጀመሪያውን ሙሉ በሙሉ አልቻልኩም ብላ ልትሸማቀቅ አይገባም። ግን ደግሞ ጨርሳ ልትጥለውም አይገባም። ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሳ ዳይፐሩን አውልቃ፣ ማታ ከመተኛቱ በፊት አንድ ጊዜ፣ "እሽሽሽ" ብላ ብታሸናው ምን ይጎዳል? ዳይፐር ይቆጥባል፤ ልጁም ሽንት ማለት ምን እንደሆነ ቀደም ብሎ ይተዋወቃል።

ልጁ ለፖፖ መድረሱን የሚናገሩት ምልክቶች ብዙዎቹ ቤት ውስጥ በዓይን የሚታዩ ናቸው። ሁለት ሰዓት ያህል ደርቆ ይቆያል፤ የቀን እንቅልፉን ተኝቶ ሲነሳም ዳይፐሩ ደረቅ ነው። ይህ ፊኛው መያዝ መጀመሩን ያሳያል። ዓይነ ምድሩ ሲመጣ ከመጋረጃ ወይም ከሶፋ ጀርባ ይደበቃል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ዝም ይላል። ራሱ ሄዶ ራሱ ቁጭ ማለት፣ ሱሪውን ወደ ታች መሳብ ይችላል። "ጫማህን አምጣ" ሲባል ያመጣል። "ካካ" ወይም "ሽንቴ" የሚል ቃል ወይም የራሱ ምልክት አለው። ታላቅ ወንድሙ ሽንት ቤት ሲሄድ ይከተላል። ሁሉም እስኪሟሉ መጠበቅ የለበትም፤ ብዙዎቹ ከታዩ በቂ ነው። አንዳንድ ልጅ በ18 ወሩ፣ ሌላው በሁለት ዓመት ተኩሉ፣ ሌላው ሦስት ሊሞላው ሲል ይደርሳል፤ ሴቶች ልጆች ጥቂት ይቀድማሉ። የጎረቤት ልጅ ቀደመ ተብሎ የሚጨነቁበት ነገር አይደለም።

ፖፖ ከገበያ ሊገዛ ይችላል። ካልተገኘም አምስት ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ከወገቡ ተቆርጦ፣ ሹል ጠርዙ በጨርቅ ጥቅጥቅ ተደርጎ ከተጠቀለለና መሬት ላይ እንዳይገለበጥ ከተደላደለ ሥራውን ይሠራል። ዋናው ነገር የልጁ ሁለት እግሮች መሬት መርገጣቸው ነው፤ እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ ማማጥ ይቸግረዋል። ፖፖው ውስጥ ትንሽ አመድ ከተነሰነሰ ለመድፋት ይቀላል። የጉድጓድ ሽንት ቤት ቀዳዳ ለትንሽ ልጅ ሰፊ ነው፤ ጨለማ ነው፣ ይሸታል፣ እገባለሁ ብሎም ይፈራል። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። እዚያ ላይ ከማቆም ፖፖውን ማለማመድ ይሻላል።

ምግብ ሲበላ አንጀት ስለሚንቀሳቀስ ከቁርስና ከምሳ በኋላ ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። አምስት ደቂቃ ያህል ይቀመጥ፤ ካልመጣለት "ይሁን፣ በኋላ" ተብሎ ይነሳ። ሲሳካለት "ጎበዝ የኔ ጌታ!" ይባላል። በ2003 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት ከ27 ወር በፊት አጥብቆ ማሠልጠን መጀመር ቶሎ እንደማያስጨርስ፣ ይልቁንም ሥልጠናውን እንደሚያረዝም አሳይቷል። ይህ ማለት አያት በሕፃንነቱ ማሸናቷ ስህተት ነው ማለት አይደለም። ፖፖ ላይ ጎትቶ አስቀምጦ "ካልጨረስክ አትነሳም" ማለት ነው ጊዜ የሚያባክነው።

ከማስገደድ የሚመጣ ሌላ ጣጣ አለ፤ ድርቀት። አንድ ቀን ዓይነ ምድሩ ደርቆ ያመመው ልጅ በማግስቱ ፈርቶ ይይዘዋል፤ የተያዘው ይበልጥ ይደርቃል፤ ሦስተኛው ቀን ደም ያስወጣዋል። እግሩን አቆላልፎ ግድግዳ ተደግፎ የሚቆም ልጅ ብዙ ጊዜ እያማጠ ሳይሆን እየያዘ ነው። የከተማ ልጅ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ፓስታና ብስኩት አዘውትሮ በቂ ውኃ ካልጠጣ ይህ ይደርስበታል። የጤፍ እንጀራ በሽሮ፣ አትክልት፣ ሲገኝ ፓፓያ፣ ከዚያ ላይ በየጊዜው ውኃ መስጠት ያግዛል። ድርቀቱ እስኪለቀው ድረስ የፖፖው ሥልጠና ቢቆም ይመረጣል።

ፖፖው ላይ መቀመጥ ቻለ ማለት ግን ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም፤ በውስጡ ያለው የት እንደሚደፋ ይቀራል። በብዙ ቤት "የሕፃን ነው፣ ምን አለበት?" ተብሎ ጓሮ ይጣላል ወይም በዶማ አፈር ይመለስበታል። የሕፃን ዓይነ ምድር እንደ አዋቂው ሁሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ የተቅማጥ ጀርም የሚሸከም ነው። ጎጃም ውስጥ ደግሞ ሌላም ጉዳይ አለ። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ በተባለው የዓይን በሽታ እጅግ ከተጠቁት አካባቢዎች አንዱ ነው። ትራኮማን ከልጅ ዓይን ወደ ልጅ ዓይን የምታዛምተው ዝንብ መራባት የምትወደው መሬት ላይ በወደቀ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ በገባው ላይ አትፈለፈልም። ስለዚህ ጓሮ የተጣለችው ትንሽ የልጅ ካካ ከቀናት በኋላ የዚያው ልጅ ዓይናር ላይ የምታርፈውን ዝንብ ታፈላለች።

የጉድጓድን ጥቅም የምሥራቅ ጎጃም እናቶች ቀድመው አይተውታል። በ2004 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. መካከል፣ ሞጣ ከተማ የምትገኝበት ሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ውስጥ ትራኮማን ለመከላከል የሽንት ቤት ቁፋሮ ዘመቻ ተካሂዶ ነበር። ሥራውን የክልሉ ጤና ቢሮ ካርተር ማዕከል ከተባለው ድርጅት ጋር ሲመራው ሰዉ ከታሰበው እጅግ በላይ ቆፈረ። በብዛት የገፉት ሴቶች ነበሩ፤ ቀን ሜዳ መውጣት ነውር ስለሆነባቸው ጎህ ሳይቀድ ወይም ከጨለመ በኋላ እስኪሆን ሆዳቸውን ይዘው ይውሉ ነበርና። ልጅነቱን ሜዳ ላይ የጨረሰ ትውልድ ለልጁ ጉድጓድ ቆፈረለት። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተስፋፋው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ባለሙያዎችም ቤት ለቤት ሲዞሩ ከሚያስተምሩት አንዱ ይኸው ነው፤ ፖፖው ወደ ጉድጓዱ ይደፋል፣ ይታጠባል፣ የእናትም የልጅም እጅ በሳሙና ወይም በአመድ ይታጠባል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 46ቱ ቀንጭረው ነበር የተገኙት። ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም ደጋግሞ የሚመላለስ ተቅማጥ አንዱ ነው።

ያገለገለ ዳይፐር ግን ጉድጓድ ውስጥ አይጣልም፤ ላስቲኩ ስለማይበሰብስ ጉድጓዱን ይሞላዋል። ዓይነ ምድሩ ጉድጓድ ውስጥ ይራገፋል፤ ዳይፐሩ ተጠቅልሎ ቆሻሻ የሚሰበሰብበት ይጣላል። ወንዝ ዳር መወርወር ከታች ያለውን የሌላ ሰው ውኃ ማበላሸት ነው።

በሥልጠናው መሃል ልጁ ወደ ኋላ የሚመለስበት ጊዜ ይመጣል። ታናሽ ሲወለድ፣ ቤት ሲቀየር፣ ሲታመም፣ ለሳምንታት ደርቆ የቆየ ልጅ እንደገና ሱሪው ላይ ይሸናል። እዚህ ላይ የሚያዝ ዱላ፣ ሳማ፣ ሰው ፊት ማዋረድ ልጁን ሽንቱን መደበቅ ያስተምረዋል እንጂ ፖፖ አያስተምረውም። ሌሊት መድረቅ ደግሞ ከቀኑ እጅግ የዘገየ ነው፤ አምስት ዓመት ከሞላቸው ልጆች 15 በመቶ ያህሉ ገና አልጋ ያረጥባሉ። እያወቁ አያደርጉትም፤ የተኛ ልጅ አያምፅም። በደጋው ብርድ፣ ቡልኮ ውስጥ ተጠቅልሎ የተኛ ልጅ "ተነስና ደጅ ውጣ" ሲባል ይፈራል፤ ቀን "ዝም ካላልክ ጅብ ይበላሃል" ሲባል ውሎ ሌሊት ጅቡ ወዳለበት ጨለማ ማን ይወጣል? ፖፖው ከመኝታው አጠገብ፣ እጁ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥለት፤ መብራት ካለ ትንሽ ይብራለት።

ያን የሐምሌ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ልጁ ከእንቅልፉ ነቅቶ እንደገና ማጣበቂያውን ይዟል። ጠርርር። እናቱ ከጓዳ ሰማችው፤ ዛሬ ግን አልጮኸችም። ቀረብ ብላ ዳይፐሩን በእጇ ነካችው፤ ደረቅ ነው። ከበር ጀርባ ያለውን ፖፖ አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችለት። ልጁ ፖፖውን አየ፣ እናቱን አየ፣ ከዚያ ዞሮ በቂጡ ቁጭ አለ። አያት ከመደቡ ላይ ሆና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እሽሽሽ" አለች።